ከጆሮ ሥርና ከመንጋጋ በታች የሚወጣ እብጠት፦ መቼ ያሳስባል?

በአማርኛ የበሰለና የተረጋጋ ሰው “ምራቁን የዋጠ” ይባላል። ምራቅ መዋጥ ግን ማንም ሰው ሳያስበው፣ ተኝቶም ጭምር የሚያደርገው ነገር ነው። አንድ ጤነኛ አዋቂ በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫል። ይህን የሚያመርቱት ዕጢዎች ሥራቸውን በጸጥታ ስለሚያከናውኑ መኖራቸው እንኳ ብዙም አይታወስም። የሚታወሱት አንድ ቀን በመስታወት ፊት ወይም ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ከጆሮ ሥር ወይም ከመንጋጋ በታች፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ እብጠት ሲገኝ ነው።

ያን ጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ካንሰር ይሆን? መልሱ በአብዛኛው “አይደለም” የሚል ነው። የምራቅ ዕጢ እብጠት መንስዔዎች ብዙ ናቸው፤ ከእነዚህም የሚበዙት በመድኃኒት፣ በእረፍት ወይም በቀላል ሕክምና የሚድኑ ናቸው። ሆኖም በዚህ የሰውነት ክፍል ላይ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ ይገለበጣል። በድንገት የሚያብጠውና የሚያመው ብዙውን ጊዜ ከኢንፌክሽን ወይም ከጠጠር የሚመጣ ሲሆን፣ ምንም ሳያም ቀስ እያለ የሚያድገው ደግሞ ሳይዘገይ መመርመር የሚኖርበት ነው። “ካላመመኝ ምን አስኬደኝ” በሚባልበት፣ ሆስፒታልም በሩቅ በሚገኝበት የምሥራቅ አፍሪካ አካባቢ ይህን ልዩነት ማወቅ ትልቅ ትርጉም አለው።

አንድ የቃል ጉዳይም አስቀድሞ መጥራት አለበት። በአማርኛ “ዕጢ” የሚለው ቃል ጤነኛውን አመንጪ አካልም፣ በሰውነት ላይ የሚበቅለውን ባዕድ እብጠትም ይጠራበታል። በዚህም የተነሣ “የምራቅ ዕጢህ አብጧል” የተባለ ሰው “ዕጢ ወጥቶብሃል” እንደተባለ ቆጥሮ ሊደነግጥ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ “ዕጢ” የተባለው ጤነኛው አካል ነው፤ በላዩ የሚበቅለው “እባጭ” ተብሏል።

የምራቅ ዕጢዎች የት ይገኛሉ?

ዋና ዋናዎቹ የምራቅ ዕጢዎች ሦስት ጥንድ ናቸው። ትልቁ ከጆሮ ፊትና ከጆሮ ሥር፣ በመንጋጋ አጥንት ጠርዝ ላይ የተዘረጋው ነው። ምራቁን በጉንጭ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ አማካይነት ከላይኛው ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ ፊት ለፊት ያፈሳል። ይህ ቱቦ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በገለጸው ዴንማርካዊ የአካል አጥኚ በኒልስ ስቴንሰን ስም ይጠራል። ሁለተኛው ጥንድ ከመንጋጋ በታች፣ ሦስተኛው ደግሞ ከምላስ ሥር ይገኛል። ከእነዚህ ሌላ በከንፈር፣ በጉንጭ፣ በላንቃና በጉሮሮ ሽፋን ውስጥ የተበተኑ ከ600 እስከ 1,000 የሚደርሱ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ።

ምራቅ ምግብን ከማለስለስ ባሻገር ስታርችን መፍጨት ይጀምራል፣ ጥርስን ከአሲድ ይጠብቃል፣ በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከልክ እንዳያልፉም ይቆጣጠራል። ምራቃቸው የደረቀባቸው ሰዎች ጥርሳቸው በፍጥነት የሚበላሸው ስለዚህ ነው።

ስለ ትልቁ ዕጢ አንድ ነገር በተለይ ሊታወቅ ይገባል። ዓይንን የሚያስጨፍነው፣ ፈገግ የሚያሰኘውና ግንባርን የሚያንቀሳቅሰው የፊት ነርቭ በዚህ ዕጢ ውስጥ ሰንጥቆ ያልፋል፤ በውስጡም አምስት ዋና ዋና ቅርንጫፎችን ያወጣል። በዚህ ቦታ የሚደረግ ማንኛውም መቁረጥ ጥንቃቄ የሚሻውና ላልሠለጠነ እጅ የማይሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የሚያም እብጠት፦ ጆሮ ደግፍ፣ ኢንፌክሽንና ጠጠር

በአካባቢያችን በሕፃናት ዘንድ በስፋት የሚታወቀው የምራቅ ዕጢ ሕመም ጆሮ ደግፍ ነው። መንስዔው ቫይረስ ሲሆን በምራቅና በትንፋሽ ይተላለፋል። ቫይረሱ ከገባ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 18 ቀናት ቆይቶ ትኩሳት፣ ድካምና ከጆሮ ሥር የሚጀምር እብጠት ያመጣል። እብጠቱ በአንድ ወገን ጀምሮ ወደ ሌላኛው ሊሻገር ይችላል። የታመመ ልጅ እብጠቱ ከታየ በኋላ ለአምስት ቀናት ከትምህርት ቤት እንዲቀር ይመከራል።

ጆሮ ደግፍ በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ አንቲባዮቲክ አያድነውም። የሚያስፈልገው እረፍት፣ በቂ ፈሳሽና ሕመም ማስታገሻ ነው፤ ለሕፃናት ግን አስፒሪን አይሰጥም። አብዛኞቹ ልጆች በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ያገግማሉ። ሆኖም ቫይረሱ ለአቅመ አዳም በደረሱ ወንዶች ላይ የዘር ፍሬ እብጠት፣ በአንዳንዶች ላይ የአንጎል ሽፋን ብግነት፣ አልፎ አልፎም የመስማት ችግር ሊያስከትል ይችላል። የዘር ፍሬ እብጠት ሙሉ መካንነትን የሚያመጣው ግን እምብዛም ነው።

በሽታው ክትባት አለው። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሞሪስ ሂልማን እ.አ.አ በ1963 በጆሮ ደግፍ ከታመመች ልጁ ጉሮሮ በወሰደው ናሙና ያዘጋጀው ክትባት እ.አ.አ በ1967 ፈቃድ አግኝቶ ከዚያ በኋላ ከኩፍኝና ከሩቤላ ክትባት ጋር ተቀናጅቶ መሰጠት ጀመረ። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በመደበኛነት ያስከትባሉ። ከሰሐራ በታች ባሉ አብዛኞቹ አገራት ግን የኩፍኝ ክትባት እንጂ የጆሮ ደግፍ ክትባት በመደበኛው መርኃ ግብር ውስጥ አልተካተተም። በመሆኑም ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አገር ቤት የሚመጡ ወላጆች ክትባቱ የተሟላ መሆኑን ቢያረጋግጡ መልካም ነው።

ሁለተኛው የሚያም እብጠት በባክቴሪያ የሚመጣው ነው። ይህ ይበልጥ የሚያጠቃው አረጋውያንን፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ምግብና ውኃ የተከለከሉ ሕሙማንንና ሰውነታቸው ውኃ ያጠረውን ሰዎች ነው። ምራቅ ሲቀንስ በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች በቱቦው ሽቅብ ወደ ዕጢው ይወጣሉ። ዕጢው ይቀላል፣ ይግላል፤ በእጅ ሲጫኑትም በአፍ ውስጥ ባለው የቱቦ አፍ መግል ሊፈስ ይችላል። ይህ ፈጥኖ በአንቲባዮቲክ መታከም አለበት። መግል ከቋጠረም በሐኪም እጅ መፍሰስ ይኖርበታል።

ሦስተኛው ጠጠር ነው። ኩላሊትና ሐሞት ጠጠር እንደሚሠሩ ሁሉ የምራቅ ቱቦም በአብዛኛው ከካልሲየም የተሠራ ጠጠር ሊቋጥር ይችላል። ከአሥር ጠጠሮች ስምንቱ ወይም ዘጠኙ የሚገኙት ከመንጋጋ በታች ባለው ዕጢ ውስጥ ነው። ምክንያቱም የዚህ ዕጢ ምራቅ ወፈር ያለ ነው፤ ቱቦውም ረዥምና ሽቅብ የሚወጣ ነው። ምልክቱ በቀላሉ ይለያል፦ ሰውየው ማዕድ ቀርቦ መመገብ ሲጀምር፣ አንዳንዴም የምግቡ ሽታ ሲደርሰው፣ ከመንጋጋው በታች ያብጣል፣ ያመዋል። ከምግብ በኋላ ደግሞ ቀስ እያለ ይጎድላል።

ትንንሽ ጠጠሮች ውኃ በብዛት በመጠጣት፣ ዕጢውን ከኋላ ወደ ፊት በማሸትና እንደ ሎሚ ያለ ጎምዛዛ ነገር በመምጠጥ ሊወጡ ይችላሉ። ካልወጡ ሐኪም ከአፍ ውስጥ ቱቦውን ከፍቶ ያወጣቸዋል። የተሻለ መሣሪያ ባለባቸው ሆስፒታሎች ደግሞ እንደ ክር በቀጠነ ካሜራ ወደ ቱቦው ገብቶ ማውጣት ይቻላል። የውኃ እጥረት ምራቅን ስለሚያሳንስ በባሕረ ሰላጤው አገራት ሐሩር ውስጥ የሚሠሩ፣ ረዥም ሰዓት የሚጾሙ ወይም አፍ የሚያደርቁ መድኃኒቶችን የሚወስዱ ሰዎች መጠጣት በሚችሉበት ሰዓት ሁሉ ውኃ በቂ አድርገው ሊወስዱ ይገባል። ጫትም አፍን ከሚያደርቁ ነገሮች አንዱ ነው።

በሁለቱም ወገን የሚያብጥ ዕጢ ምን ይናገራል?

እብጠቱ በሁለቱም ጉንጮች ላይ እኩል ሲታይና ለወራት ሲቆይ ችግሩ ከዕጢው ይልቅ በመላ ሰውነት ላይ ሊሆን እንደሚችል ይጠረጠራል። በአካባቢያችን በቅድሚያ ሊታሰብ የሚገባው ኤችአይቪ ነው። ቫይረሱ ከጆሮ ሥር ባለው ዕጢ ውስጥ ፈሳሽ የቋጠሩ፣ የማያሙ ከረጢቶችን ሊፈጥር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በልጆች ላይ ያለ ሌላ ምክንያት የሚቆይን የዚህን ዕጢ እብጠት ከኤችአይቪ የሕመም ደረጃ መለያ ምልክቶች አንዱ አድርጎ ያስቀምጠዋል። መልካሙ ነገር እነዚህ ከረጢቶች በአብዛኛው ካንሰር አለመሆናቸውና የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በተጀመረባቸው ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ እየቀነሱ መሄዳቸው ነው። መገለልን ፈርቶ ምርመራውን ማዘግየት ግን ከእብጠቱ የባሰ ጉዳት ያመጣል።

ቲቢም አይዘነጋም። በኢትዮጵያ ከሳንባ ውጪ የሚከሰት ቲቢ በብዛት የሚታይ ሲሆን የአንገት ንፍፊትን ማጥቃት ይወዳል። ከጆሮ ሥር ያለው ዕጢ በውስጡ የራሱ ንፍፊቶች ስላሉት የቲቢ እብጠት የምራቅ ዕጢ እባጭ ሊመስል ይችላል። ይህ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በቲቢ መድኃኒት ብቻ የሚድን በመሆኑ ከመቁረጥ በፊት ናሙና መውሰድን ግድ ያደርገዋል።

ስዊድናዊው የዓይን ሐኪም ሄንሪክ ሾግረን እ.አ.አ በ1933 በስፋት የገለጸው ሕመም ደግሞ ሰውነት የራሱን የምራቅና የእንባ ዕጢዎች የሚያጠቃበት ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን በእጅጉ ያጠቃል፤ አፍና ዓይን ይደርቃሉ፣ ዕጢዎቹም ሊያብጡ ይችላሉ። በዚህ ሕመም የተያዙ ሰዎች በሊምፍ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከፍ ስለሚል ክትትል ያስፈልጋቸዋል። ከእነዚህ ሌላ የስኳር ሕመም፣ ለረዥም ጊዜ አልኮል በብዛት መጠጣትና የተመጣጠነ ምግብ እጥረትም ዕጢዎቹን ያለ ሕመም ሊያሳብጡ ይችላሉ።

የማያም፣ ቀስ እያለ የሚያድግ እባጭ

በአንድ ወገን ብቻ የሚገኝ፣ የማያም፣ ከወራት ወይም ከዓመታት ወዲህ በዝግታ ያደገ እባጭ የተለየ ትኩረት ይሻል። ሐኪሞች ለማስታወስ እንዲቀላቸው የሚጠቀሙበት አንድ ግምታዊ ስሌት አለ። ከምራቅ ዕጢ እባጮች 80 በመቶ ያህሉ የሚበቅሉት ከጆሮ ሥር ባለው ትልቁ ዕጢ ላይ ነው። ከእነዚህም 80 በመቶ ያህሉ ካንሰር አይደሉም።

ዕጢው እያነሰ ሲሄድ ግን ሥጋቱ ይጨምራል። ከመንጋጋ በታች ባለው ዕጢ ላይ ከሚወጡት እባጮች ግማሽ ያህሉ፣ በጥቃቅኖቹ ዕጢዎች ላይ ከሚወጡት ደግሞ ከግማሽ የሚበልጡት ካንሰር ሊሆኑ ይችላሉ። ከምላስ ሥር ያለው ዕጢ እባጭ የሚያወጣው ከስንት አንዴ ነው፤ ሲያወጣ ግን አብዛኛው ካንሰር ነው። ስለዚህ በላንቃ ላይ ያለች የማታም ትንሽ ጉብታ ከጆሮ ሥር ካለ ትልቅ እባጭ የበለጠ ልታሳስብ ትችላለች።

ካንሰር ካልሆኑት መካከል በብዛት የሚታየው ፕሊኦሞርፊክ አዴኖማ የሚባለው ነው። ጠንከር ያለ፣ ሲነኩት የሚንሸራተት፣ ለዓመታት ምንም ሳይናገር የሚያድግ እባጭ ነው። “ካንሰር አይደለም” መባሉ ግን እንዲሁ ይተው ማለት አይደለም። ዓመታት እየቆጠረ በሄደ ቁጥር ወደ ካንሰር የመለወጥ ዕድሉ ይጨምራል። እየተለቀ ሲሄድም የፊት ነርቭን ሳይጎዱ ማውጣት እየከበደ ይሄዳል። ሁለተኛው ዋርቲን የሚባለው ሲሆን ከሲጋራ ማጨስ ጋር የጠበቀ ግንኙነት አለው፤ አንዳንዴም በሁለቱም ወገን ይወጣል።

የምራቅ ዕጢ ካንሰር እምብዛም የማይታይ ሕመም ነው። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ከ50 ሺህ በላይ አዳዲስ ሰዎች እንደሚያዙ ይገመታል፤ ይህም ከሁሉም የካንሰር ሕሙማን ከአንድ በመቶ በታች ነው። በብዛት የሚታየው ሙኮኤፒደርሞይድ ካርሲኖማ ነው። አዴኖይድ ሲስቲክ ካርሲኖማ የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ በነርቭ ላይ እየተሳበ የመሄድና ከተወገደ ከብዙ ዓመታት በኋላ በሳንባ ላይ የመታየት ጠባይ ስላለው ረዥም ክትትል ይጠይቃል።

የአብዛኞቹ መንስዔ በውል አይታወቅም። ጨረር ግን የታወቀ አጋላጭ ነው፤ እ.አ.አ በ1945 በሂሮሺማና በናጋሳኪ ከተጣሉት የአቶሚክ ቦምቦች በተረፉ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የምራቅ ዕጢ እባጭ መጨመሩን አሳይተዋል። ስለ ተንቀሳቃሽ ስልክ ብዙ ይጠየቃል። በእስራኤል ተካሂዶ እ.አ.አ በ2008 የታተመ ጥናት ስልክን እጅግ በሚያዘወትሩ ሰዎች ላይ ግንኙነት ሊኖር እንደሚችል ቢጠቁምም በሌሎች አገራት የተደረጉ ጥናቶች አላረጋገጡትም።

የማያዘገዩ ምልክቶች

ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ማንኛውም እብጠት በጤና ባለሙያ መታየት አለበት። ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ግን ቀጠሮ የሚያስቆጥር አይደለም፦

• በእብጠቱ ወገን ፊት መጣመም፣ ዓይንን መክደን ወይም እንደ ልብ ፈገግ ማለት አለመቻል
• ለረዥም ጊዜ ባለበት የቆየ እባጭ በድንገት በፍጥነት ማደግ
• እባጩ ከሥሩ ተጣብቆ ሲነኩት አልንቀሳቀስ ማለቱ
• በላዩ ያለው ቆዳ መቅላት፣ መቁሰል ወይም መፈንዳት
• የማይለቅ ሕመም፣ የፊት ወይም የምላስ መደንዘዝ
• በአንገት ላይ ተጨማሪ ንፍፊት መውጣት
• አፍን ለመክፈት ወይም ለመዋጥ መቸገር

ምርመራው ምን ይመስላል?

ምርመራው የሚጀምረው በጥያቄና በእጅ ነው። ሐኪሙ ውጪውን ብቻ ሳይሆን የአፍ ውስጡንም ያያል፤ የፊት ነርቭ መሥራቱን ለማወቅም ዓይን መጨፈን፣ ጥርስ ማሳየትና ግንባር መቋጠር ይጠይቃል። ቀጥሎ የሚታዘዘው አብዛኛውን ጊዜ አልትራሳውንድ ነው። ጨረር የለውም፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ያነሰ ነው፤ ጠጠርን፣ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢትንና ጠጣር እባጭን ለመለየት ያስችላል። እባጩ ጥልቅ ከሆነ ወይም ካንሰር ከተጠረጠረ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ይጨመራል።

ወሳኙ ግን በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ ነው። የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሲሆን ከተራ መርፌ የበለጠ ሕመም የለውም፤ የተወሰዱት ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። “መርፌ ከነካው ካንሰሩ ይሰራጫል” የሚለው ፍርሃት ብዙዎችን ከምርመራ ያስቀራል። በቀጭን መርፌ የሚወሰድ ናሙና ግን በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት አስተማማኝ ዘዴ ነው። የሚያሠጋው የተገላቢጦሹ ነው፤ እባጩን ለማየት ብሎ በቢላ መክፈት ሕዋሳቱን በአካባቢው ሊበትንና የፊት ነርቭን ሊቆርጥ ይችላል። በባህላዊ መንገድ መብጣት፣ በጋለ ብረት መተኮስና የሚያቃጥል ቅጠል መለጠፍም ቁስልና ኢንፌክሽን ይጨምራሉ እንጂ እባጩን አያጠፉም፤ በኋላ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምናም ያወሳስባሉ።

ቀዶ ሕክምናና ከዚያ በኋላ

ካንሰር ያልሆነውም ካንሰሩም ዋና ሕክምናቸው በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። ሥራው የከአንገት በላይ ሐኪሞች ወይም የአፍ፣ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪሞች ነው። ቀደም ባለው ዘመን ቀዶ ሐኪሞች እባጩን ብቻ ፈልፍለው ያወጡ ነበር፤ ይሁንና ፕሊኦሞርፊክ አዴኖማ በብዙዎች ላይ ተመልሶ ይመጣ፣ ሲመለስም በብዙ ቦታ ተበታትኖ ይወጣ ነበር። አሁን የሚመረጠው የፊት ነርቭን ፈልጎ እየጠበቁ እባጩን በዙሪያው ካለው ጤነኛ የዕጢ ሥጋ ጋር ማውጣት ነው።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ የፊት መዛል ሊታይ ይችላል፤ ነርቩ ካልተቆረጠ በአብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳል። እስከዚያው ዓይን በደንብ ካልተከደነ እንዳይደርቅና እንዳይቆስል በጠብታና በሽፋን ሊጠበቅ ይገባል። የጆሮ የታችኛው ክፍል መደንዘዝም የተለመደ ነው። አንዳንዶች ደግሞ ከወራት በኋላ ምግብ ሲበሉ ጉንጫቸው ላይ ያልባቸዋል፤ ምራቅ እንዲያመነጩ ያዝዙ የነበሩ ነርቮች ወደ ቆዳው ላብ ዕጢዎች በስሕተት ስለሚያድጉ ነው። ይህ ክስተት እ.አ.አ በ1923 በገለጸችውና በናዚ ወረራ ዘመን በልቮቭ ጌቶ ሕይወቷ ባለፈው ፖላንዳዊት የነርቭ ሐኪም በሉቺያ ፍሬይ ስም ይጠራል። የሚያስጨንቅ ቢሆንም ሕክምና አለው።

እባጩ ካንሰር ሆኖ ከተገኘና ጠበኛ ዓይነት ከሆነ የጨረር ሕክምና ይጨመራል። የአካባቢያችን ፈተና እዚህ ላይ ይበረታል። በኢትዮጵያ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረዥም ዓመታት ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ ቆይቷል፤ አገልግሎቱ ወደ ክልል ከተሞች መስፋፋት የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። በኡጋንዳ የነበረው ብቸኛ የጨረር ማሽን እ.አ.አ በ2016 ተበላሽቶ ሕሙማን ወደ ኬንያ ለመሄድ ተገደው ነበር። በሱዳን እ.አ.አ ሚያዝያ 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት በካርቱም ያለውን የካንሰር ሕክምና አቋርጧል። ወረፋው ረዥም፣ መንገዱም ሩቅ በሆነበት አካባቢ በትንሽነቱ የተገኘ እባጭ በቀዶ ሕክምና ብቻ የመዳን ዕድል ማግኘቱ ለሕመምተኛውም ለቤተሰቡም ትልቅ እፎይታ ነው።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ

እብጠቱ መቼ እንደጀመረ፣ ከምግብ ጋር ግንኙነት እንዳለው፣ ምን ያህል እንዳደገና የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ መንገር ምርመራውን ያቀላል። ቀድሞ የተነሡ ፎቶግራፎች ካሉ እብጠቱ የጀመረበትን ጊዜ ለመገመት ይረዳሉ። ቀዶ ሕክምና ከታዘዘ ሕመምተኛው ሦስት ነገሮችን መጠየቅ መብቱ ነው፦ ናሙና በመርፌ ተወስዷል ወይ? የፊት ነርቭ እንዴት ይጠበቃል? የወጣው እባጭስ ለፓቶሎጂ ምርመራ ይላካል ወይ? ከተወገደ በኋላ ያልተመረመረ እባጭ ምን እንደነበረ አይታወቅም፤ ክትትል ይኑር አይኑር የሚወሰነውም በዚያ ውጤት ነው። ስለዚህ የፓቶሎጂ ውጤቱን ወረቀት ተቀብሎ በቤት ማስቀመጥ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።